ኃያላኑ ሲስማሙ

አሜሪካና ቻይና፣ ሩሲያና አውሮፓ፣ ከዚያም ወዲህ የባሕረ ሰላጤው አገሮችና ቱርክ በቀጠናችን የሚያደርጉት መጓተት በተነሳ ቁጥር እኛ ዘንድ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ከማን ጋር ብንቆም ይሻለናል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ለሙግት ይመቻል፤ መነሻው ግን የተንሻፈፈ ነው። እንደ ኢትዮጵያ ያለ፣ ትንሽ ተብሎ የማይናቅ፣ ትልቅ ተብሎም የማይፈራ አገር የሚድነውም የሚጠፋውም ከወዳጅ ምርጫው ይልቅ በጊዜ አጠቃቀሙ ነው ባይ ነኝ። ትልልቆቹ እስከተፎካከሩ ድረስ በመካከላቸው መተንፈሻ ይገኛል። አንዱ ሌላውን ያሸነፈ ዕለት፣ ወይም ሁለቱ ተቀምጠው የተስማሙ ዕለት፣ መተንፈሻው ይደፈናል። እንግዲህ መታየት ያለበት በዚያ መካከል በተገኘው ጊዜ ምን እንደተሠራበት ነው። ይህን ለማስረዳት ብዙ ጸሐፊዎች ሲንጋፖርን ወይም ቱርክን ይጠቅሳሉ። ያን ያህል መራቅ አያስፈልግም። ጅማን አልፎ፣ ጎጀብን ተሻግሮ የሚገኘው የቦንጋ አገር፣ ከፋ፣ የነገሩን ገጽታ ሁሉ አይቶታል።

የከፋ መንግሥት አምስት መቶ ዓመት ያህል የኖረ ነው። ንጉሡ «ታቶ» ይባላል፤ እንዳሻው ግን አይገዛም፤ ሚክሬቾ የሚባለው የሰባት መኳንንት ሸንጎ ይመክረዋል፣ ሲያስፈልግም ይገታዋል። የአገሩን ዳር ድንበር በከፊል ተፈጥሮ፣ በከፊል የሰው ጉልበት ይጠብቀዋል። ጎጀብና ኦሞ በሚያዋስኑት በኩል ወንዙ ራሱ አጥር ነው፤ ደኑም ለማያውቀው ሰው መንገድ አይሰጥም፤ ክፍት በሆነው ቦታ ላይ ደግሞ ጥልቅ ቦይ ይቆፈራል፣ የእንጨት አጥር ይተከላል። መግባትም መውጣትም የሚቻለው በኬላ በኩል ብቻ ነው። የውጭ ነጋዴ አሞሌውንና ማርትሬዛ ብሩን ይዞ ቦንጋ ድረስ ይመጣል፤ ቡናውን፣ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ኮረሪማውን፣ ሳይሸሸግ መነገር ያለበትን ባሪያውንም ገዝቶ ይመለሳል፤ ከቦንጋ ወዲያ ግን እንዳሻው አይዘልቅም። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 ቦንጋን ማየት የቻለው የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከከፋ ቤተ መንግሥት ሙሽራ እንዲያመጡለት ከላካቸው ሰዎች ጋር ተጠግቶ ነው። ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ማሳያም በእኛ አቆጣጠር በ1850ዎቹ መጀመሪያ ከፋ ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል ከተቀመጠ በኋላ ተባሯል። ኬላው ለይስሙላ የቆመ አልነበረም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሳ ማለፍ የለበትም። ከፋ ለሰሜኑ ኃያላን መካከለኛ መንግሥት ብትሆንም ለዙሪያዋ ትንንሽ ሕዝቦች ግን ራሷ ኃያል ነበረች፤ ግብር ታስገብር፣ ምርኮ ታግዝ ነበር። በውስጧም ቢሆን ሁሉም እኩል አልነበረም። ኬላውንና ዳር ድንበሩን እንዲጠብቁ ከተመደቡት መካከል ኅብረተሰቡ ከማዕድና ከጋብቻ ያገለላቸው ማንጆዎች ይገኙበታል። ከቤት ያስወጡትን ሰው በር ጠባቂ ማድረግ ለአገር ደኅንነት ምን ያህል እንደሚበጅ አንባቢ ይፍረድ። መካከለኛ አገር በላዩ ካሉት ጋር የሚኖረው ግንኙነት ከሥሩ ካሉት ጋር ካለው ተነጥሎ አይታይም። ይህ ለከፋ ብቻ ሳይሆን፣ ኋላ እንደምንመለስበት፣ ለምኒልክ ኢትዮጵያም የሚሠራ ነው።

በ1870ዎቹ የከፋን ዕጣ የያዘው ፉክክር በጎጃምና በሸዋ መካከል የነበረው ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ የሸዋው ምኒልክ ወደ ደቡብ መስፋፋት አሳስቧቸው ነበርና የጎጃሙን ራስ አዳልን በ1873 ተክለ ሃይማኖት ብለው ሲያነግሡ ማዕረጉን «ንጉሠ ጎጃም ወከፋ» አደረጉት። ከፋ ገና በጎጃም እጅ ሳትገባ ስሟ በሌላ ሰው ዘውድ ላይ ሰፈረ። ዮሐንስ ያሰቡት ግልጽ ነው፤ ከግቤ ወዲያ ያለው የቡና፣ የዝሆን ጥርስና የወርቅ መንገድ ለአንድ ሰው ብቻ እንዳይሆን ሁለቱን ንጉሦች ማፎካከር። ፉክክሩ በግንቦት 1874 በእምባቦ ጦር ሜዳ ተቋጨ። ተክለ ሃይማኖት ተሸነፉ፣ ቆስለውም ተማረኩ። ዮሐንስ በኋላ ሁለቱንም ያለ ፈቃድ በመዋጋታቸው ቢቀጧቸውም፣ ከግቤ ወዲያ ያለው አገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቱ ሸዋ ሆነ። በከፋ ዘንድ ይህ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ ነበር። ሆኖም የመንግሥቱን መጨረሻ የወሰነው ቀን አንድ ብቻ ይጠቀስ ቢባል እኔ የምጠቅሰው ጦሩ ጎጀብን የተሻገረበትን ሳይሆን የእምባቦን ቀን ነው። ሁለት ጠያቂ ለነበራት ከፋ ከዚያ በኋላ አንድ ብቻ ቀረላት።

ከእምባቦ እስከ ከፋ መውደቅ አሥራ አምስት ዓመት አለፈ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች በሁለት የተለያየ መንገድ ሄዱ። የጅማው አባ ጅፋር ዳግማዊ ነገሩን ቶሎ ተረዱት። ለምኒልክ ገቡ፤ በየዓመቱ ከባድ ግብር ከፈሉ፤ በምላሹም የሸዋ ሹም አገራቸው ገብቶ እንዳይቀመጥና የውስጥ አስተዳደራቸው እንዳይነካ አደረጉ። የጅማው የሂርማታ ገበያ ከየአቅጣጫው ለሚመጣው ነጋዴ ክፍት ሆኖ ቆየ፤ ግብሩም የሚከፈለው ከዚያ ከሚገኘው ቀረጥ ነበር። የጅማ ራስ ገዝነት የጠፋው በ1920ዎቹ አጋማሽ፣ በአባ ጅፋር ዕድሜ ማብቂያ ላይ ነው፤ ማለትም ከእምባቦ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ኖሯል። ከፋ በበኩሏ ቦዩን አጠለቀች፣ ኬላውን አጠበቀች። በ1882 ገደማ የነገሠው ጋኪ ሸሮቾ የወረሰው አገር በዙሪያው ያሉት ሁሉ የገበሩበት ነበር። ሊሙ፣ ጎማ፣ ጌራና ኢሉባቦር ገብረዋል፤ ወላይታም በ1887 እጅግ ደም ባፋሰሰ ዘመቻ ወድቃለች። ጠመንጃ በየገበያው በሚሸጥበት ዘመን ከፋ የነበራት ጥቂት መቶ ብቻ ነው።

ከፋ ለምን እንዲህ አደረገች ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሞኝነት ነበር ብሎ ማለፍ ግን ራስን ማታለል ይሆናል። ቦይና ኬላው ለዘመናት ሠርተዋል። የኦሮሞ መስፋፋት የግቤን አገሮች አንድ በአንድ ሲያጥለቀልቅ ጎጀብ ላይ የቆመው በእነሱ ምክንያት ነው። አንድ ዘዴ ለሦስት መቶ ዓመት ካዳነህ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ጊዜው እንዳለፈበት መረዳት ቀላል አይደለም። ሌላም አለ፤ ከፋ ከባሕር በር ሩቅ ናት፤ ጠመንጃው የሚመጣው በሸዋ በኩል፣ ሸዋም በፈቀደው መጠን ነው። ስለዚህ «ለምን አልታጠቀችም?» የሚለው ክስ በሙሉ ልብ የሚቀርብ አይደለም። እኔ የማቀርበው ክስ ከዚህ ጠበብ ያለ ነው። ነጋዴው ከቦንጋ እንዳያልፍ ሲደረግ አብሮ የቀረ ነገር አለ፤ የከፋ ሰው ራሱ መንገዱን ይዞ ወደ ባሕር ጠረፍ አልወጣም፤ ቡናዋን የሚያደርሰውም፣ ወሬዋን የሚያመጣውም ሁልጊዜ የሌላ አገር ሰው ሆነ። ኬላ ጠላትን ብቻ አያስቀርም። አገር ውጭ ምን እየተዶለተ እንዳለ እንዳያውቅ የሚያደርገውም እሱ ነው።

የምኒልክ ዘመቻ በከፋ ላይ በ1889 ተጀመረ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዋናውን ጦር ይዘው ሲገቡ ደጃዝማች ተሰማ ናደው ከኢሉባቦር በኩል መጡ፤ የጅማም ጦር ከዘማቾቹ ጋር ነበረ። የከፋ ሰው በጦርና በጋሻ ለወራት ተዋጋ፤ መንደር ተቃጠለ፣ እህል ወደመ፣ ሕዝቡ ተመናመነ። ጋኪ ሸሮቾ ደኑን ተገን አድርጎ ሲሸሽ ቆይቶ በ1890 መባቻ ተያዘ። በእስርና በግዞት ኖሮ ከሃያ ዓመት በኋላ አገሩን ሳያይ ሞተ። ድሉ በተገኘ በጥቂት ወራት ውስጥ ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ከፋ ደረሰ፤ አንደራቻ በተባለው ቦታ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ተገናኝቶ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ድረስ ከጦራቸው ጋር ዘለቀ። ያየውን ጥፋት ጽፎ ለሩሲያ አንባቢ አሳትሟል። የፒተርስበርግ መኮንን ከፋ ደን ውስጥ ምን ይሠራ ነበር? መልሱ ዘመቻው ለምን በዚያ ዓመት እንደሆነ ያስረዳል። እንግሊዞች ከዩጋንዳ በኩል ወደ ሰሜን እየገፉ ነበር፤ ፈረንሳዮች ነጭ ዓባይ ለመድረስ ይጣደፉ ነበር፤ ምኒልክም ወሰናቸውን ከሁለቱ በፊት ሩዶልፍ ላይ መትከል ፈለጉ። ከፋ የቆመችው በዚያ መንገድ ላይ ነው። የከፋ ሕዝብ ስሙን እንኳ ሰምቶት በማያውቀው የለንደንና የፓሪስ ፉክክር ውስጥ ገብቶ ተደቆሰ።

አሁን መነጽሩን እናዙረው። በጎጀብ ማዶ ሲታዩ ኃያል የሆኑት ምኒልክ በቀይ ባሕር በኩል ሲታዩ ራሳቸው በኃያላን መካከል ያለ መካከለኛ መንግሥት ንጉሥ ነበሩ። ጊዜ አጠቃቀማቸውን ከከፋ ጋር ማነጻጸር ያስተምራል። ጣሊያን በዮሐንስ ላይ እንዲነሱላት ስትፈልግ ጠመንጃ ሰጠቻቸው፤ ተቀበሉ። ፈረንሳይ ጣሊያንን ለመጎነጥ ስትፈልግ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ሸጠችላቸው፤ ገዙ። በግጥሙ የሚታወቀው አርቱር ራምቦ ሳይቀር በ1879 እንጦጦ ድረስ መጥቶ ጠመንጃ ሸጦላቸዋል፤ እንደ ነጋዴ ብዙም አልተሳካለትም እንጂ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመው የውጫሌ ውል ከጣሊያን የአራት ሚሊዮን ሊሬ ብድር አስገኘላቸው። በአንቀጽ 17 ጠብ ሲነሳ ውሉን በ1885 አፈረሱ፤ ብድሩንም መልሰው ከፈሉ። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ብዙ ጊዜ ትዘነጋለች፤ ዕዳ ያለበት ሰው ውል ሲያፈርስ ከዳተኛ ይባላል፣ ዕዳውን የከፈለ ግን ይከበራል። ከዓድዋ ድል በኋላ ባሉት ወራት ደግሞ ከጣሊያን ጋር ሰላም፣ ከፈረንሳይ ጋር በነጭ ዓባይ ላይ ሚስጥራዊ ስምምነት፣ ከእንግሊዝ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ ጋርም ውል ተፈራረሙ። ለሱዳን መሐዲስቶች መሣሪያ እንደማያሳልፉ ለሮድ ቃል ሲገቡ ከእነዚሁ መሐዲስቶች መሪ ከኦምዱርማኑ ኸሊፋ ጋርም ደብዳቤ መለዋወጣቸውን አላቋረጡም።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ለእኔ ከዓድዋ ቀጥሎ የሚጠቀስ ሥራቸው ነው። የባቡሩን ሥራ ለፈረንሳዮች፣ ባንኩን እንግሊዝ ለምትቆጣጠረው የግብፅ ባንክ ሰጡ፤ ሆስፒታሉን የሩሲያ ሐኪሞች አቆሙት፤ ወደ አስመራ የሚሄደውን የቴሌግራፍ መስመር ጣሊያኖች ዘረጉት፤ ከአሜሪካና ከጀርመንም ጋር የንግድ ውል ተዋዋሉ። ሁሉም የሚያጣው ነገር ስለነበረው አንዱ አገሩን ለብቻው ሊጠቀልል ሲነሳ ሌላው ዝም ብሎ አያይም። ከፋ አንድ ኬላ ጠብቃ ለሁሉም ስትዘጋ ምኒልክ ብዙ በር ከፍተው ለእያንዳንዱ ሌላ እንግዳ መደቡበት። ሆኖም ፉክክሩ በሌሎች ስምምነት ሊቋጭ እንደሚችል እሳቸውም አይተውታል። እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1896 ታረቁ፤ ጀርመንን መፍራት አቀራርቧቸው ነበር። በታኅሣሥ 1899 ከጣሊያን ጋር ሆነው ለንደን ላይ ኢትዮጵያን በጥቅም ቀጠና የሚከፋፍል የሦስትዮሽ ውል ፈረሙ። ምኒልክ የአገራቸውን ሉዓላዊነት የሚነካ ነገር እንደማይቀበሉ በጽሑፍ አስታወቁ። ውሉ ሥራ ላይ ያልዋለው በዚህ ብቻ አይደለም፤ ዓድዋ የጥቃትን ዋጋ አስወድዶት ነበር፤ ሦስቱም ፈራሚዎች እርስ በርስ አይተማመኑም ነበር።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ይነሳል። «ጣሊያን በ1928 ስትወርር ያ ሁሉ ብልሃት ምን አመጣ?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በ1916 አገሪቱን የመንግሥታቱ ማኅበር አባል አስደርገው ነበር። እንግሊዝና ጣሊያን በ1918 ጣናንና ባቡር መስመርን በተመለከተ ያለ ኢትዮጵያ ዕውቀት ደብዳቤ ሲለዋወጡ ጉዳዩን ጄኔቫ ላይ አጋለጡት፤ ሁለቱም አፍረው አፈገፈጉ። ያው ዘዴ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አልሠራም። በ1927 መጀመሪያ መንፈቅ ፈረንሳይ ሂትለርን ፈርታ ከሙሶሊኒ ጋር ሮም ላይ ተዋዋለች፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ላቫል ለሙሶሊኒ በኢትዮጵያ ላይ እጁን ነፃ አደረገለት። እንግሊዝም ጣሊያንን ማስቀየም አልፈለገችም። ተፎካካሪዎቹ በእኛ ጉዳይ ተስማሙ ማለት ነው፤ መተንፈሻው ተደፈነ። ነገር ግን ይህ ማመጣጠን ከንቱ ነው የሚለውን አያረጋግጥም። ከዓድዋ እስከ ማይጨው አርባ ዓመት ነበር። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች የተከፈተው በ1927 ነው፤ ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው። ከዓድዋ በኋላ በአሥር ዓመት ውስጥ ቢከፈት ኖሮ ውጤቱ ይለወጥ ነበር ብዬ አልምልም፤ ግን ከከፋ አሥራ አምስት ዓመት ጋር ያለው መመሳሰል ያሳቅቃል።

ከነፃነት በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያ መተንፈሻ መደፈን የደነገጡ ይመስላል። በግንቦት 1945 ከአሜሪካ ጋር የአስመራውን የቃኘው ጣቢያ ውል ፈርመው የጦር መሣሪያ እርዳታ አገኙ፤ አሜሪካ ግን ብቸኛዋ አልነበረችም። አየር ኃይሉን ስዊድኖች፣ ባሕር ኃይሉን ኖርዌጂያኖች፣ የሐረር ጦር አካዳሚን ሕንዶች አሠለጠኑ። በ1951 ሞስኮ ሄደው የመቶ ሚሊዮን ዶላር ያህል ብድር ይዘው ተመለሱ፤ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክም የተሠራው በሶቪየቶች ነው። በ1953 መጨረሻ ቤልግሬድ ላይ ከቲቶና ከኔህሩ ጋር ከገለልተኞቹ ተርታ ተቀመጡ፤ ያን ጊዜ አስመራ ላይ የአሜሪካ ጣቢያ ሥራውን ይሠራ ነበር። ደርግ ይህን በብዙ አቅጣጫ የተዘረጋ ክር በአንድ ዓመት ውስጥ በጠሰው። የካርተር መንግሥት በሰብዓዊ መብት ምክንያት በየካቲት 1969 እርዳታ ቀነሰ፤ ደርግ በሚያዝያ ቃኘውን ዘጋ፤ የሶማሊያ ጦር በሐምሌ ሲወርር የቀረው ሞስኮ ብቻ ነበረች። የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ወታደር ኦጋዴንን አስመልሷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጎርባቾቭ ከዋሽንግተን ጋር ታርቆ እርዳታውን ሲቀንስ ግን ደርግ የሚያንኳኳው ሌላ በር አልነበረውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የክብር ጥያቄ ነው። ከሁሉም ጋር የሚስማማ በማንም ዘንድ አይታመንም ይባላል፤ አባ ጅፋርም የጎረቤታቸውን አገር ለማጥፋት ሰው እስከ መላክ ደርሰዋል። ጋኪ ሸሮቾ ግን ተዋግቶ ወደቀ፤ ስሙም እስከ ዛሬ በከፋ ሰው ዘንድ ይከበራል። ይህን በቀላሉ የምመልሰው አይደለም። የጅማ መንገድ ንጹሕ አልነበረም፤ ግብሩን የከፈለው ገበሬው ነው። ቢሆንም የሁለቱን መንገድ ዋጋ የከፈለው ማነው ብለን ስንጠይቅ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያደላል። በከፋ የሞተውና የተሰደደው ሕዝብ ከንጉሡ ጋር አልተማከረም። መታመንን በተመለከተ ደግሞ የምኒልክ ብድር አከፋፈል መልስ ይሰጣል፤ ኃያላኑ ወዳጅነትህን ሳይሆን ቃልህን ነው የሚመዝኑት። ከብዙዎች ጋር መዋዋል አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ለአንዱ የሰጡትን ቃል ለሌላው መሸጥ ነው፤ በእርግጥ ምኒልክም በሮድና በኸሊፋው መካከል ከዚህ ነቀፋ ሙሉ በሙሉ አያመልጡም።

የዛሬው ሁኔታ ከዚህ ታሪክ ጋር ሲታይ ብዙ የሚያሳስብ ነገር አለው። አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ ከአጎዋ ስታስወጣ በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉ ወጣት ሴቶች ሥራ አጡ፤ በአንድ ገበያ ላይ ብቻ የተመሠረተ ፋብሪካ ምን እንደሚሆን ታየ። ከሁለት ዓመት በኋላ አገሪቱ ብሪክስን ተቀላቀለች። በዚያው ሰሞን የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንዱን ወለድ ሳትከፍል ቀረች፤ በሐምሌ 2016 ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር ለ3.4 ቢሊዮን ዶላር ተስማማች። ስለ አዲሱ የዓለም ሥርዓት ሲነገር ብሪክስና ምዕራባውያን እንደ ሁለት ጎራ ይቀርባሉ። የኢትዮጵያን ዕዳ ለማሸጋሸግ የተቋቋመውን የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ በጋራ የመሩት ግን ቻይናና ፈረንሳይ ናቸው። በመጋቢት 2017 ኢትዮጵያ በ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ማሸጋሸጊያ ላይ በመርህ ደረጃ የተስማማችው ከዚህ ኮሚቴ ጋር ነው። የአዲስ አበባ ጅቡቲን ባቡር በብድር የሠራችው ቤጂንግ በዕዳ ጠረጴዛ ላይ ከፓሪስ ጋር በአንድ ወገን ተቀመጠች። ተፎካካሪዎች በገንዘባቸው ጉዳይ ቶሎ ይስማማሉ። ማኅበር መቀላቀል በራሱ በር አይከፍትም፤ ዕዳም ያሉትን በሮች ያጠባል።

ቦንጋ ከኅዳር 2014 ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካ መቀመጫ ናት፤ የከፋ ደንም በ2002 በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። የኃያላኑ ፉክክር እዚህ የሚደርሰው በቡና በኩል ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ በተመነጠረ ደን ላይ የበቀለ ቡና ገበያው እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አውጥቷል፤ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ቢራዘምም ሕጉ አልተሰረዘም። በሕጉ መሠረት ቡናው የተለቀመበት ማሳ የሚገኝበት ቦታ በካርታ መጋጠሚያ ይመዘገባል፤ ከአራት ሔክታር በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ዙሪያው ሁሉ ይለካል። የከፋ ገበሬ ቡናውን የሚለቅመው ደኑን ሳይመነጥር ከዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ ሕጉ ሊጠቅመው የሚገባ ሰው እሱ ነበር። መረጃው ካልተሰበሰበለት ግን ደኑን ጠብቆ ያቆየው ራሱ ከገበያ ይወጣል። ለአንድ ገዢ ብቻ መሸጥም መልስ አይሆንም። ጀርመን፣ ሳዑዲ አረቢያ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ እየጨመረች የመጣችው ቻይናም ሁሉም የኢትዮጵያ ቡና ይገዛሉ፤ የእያንዳንዳቸው ፍላጎት የተለያየ መሆኑ ራሱ ሀብት ነው።

አሁን እየተካሄደ ያለው የማሳ ምዝገባ በአብዛኛው ለአውሮፓ ጥያቄ መልስ ተብሎ፣ በውጭ ድርጅቶችና በላኪዎች ጥረትም የሚሠራ ነው። መረጃው በሚሰበስበው ድርጅት ወይም በአንድ ላኪ ኮምፒዩተር ውስጥ ከቀረ ገበሬው የዚያ ላኪ እስረኛ ይሆናል፤ ላኪው ከገበያ ሲወጣ እሱም ይወጣል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን፣ ክልሉና የከፋ ደን ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን መረጃውን የገበሬውና የአገር ንብረት አድርገው ይያዙት። ለበርሊን የተሰበሰበው ካርታ ለሪያድም ለሻንጋይም ገዢ እንዲያገለግል ሆኖ ይዘጋጅ፤ በማሳው ላይ የማንጆው ገበሬ ስምም እንደሌላው ሁሉ ይመዝገብ። ብራስልስ ቀኑን ማራዘሟ ጊዜ ሰጥቶናል፤ ይህ ሥራ መጠናቀቅ ያለበትም የተራዘመው ቀን ከመድረሱ በፊት ነው።